ጠባቂውና ጠሪው፦ የኢትዮጵያ የቅርስና የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ከመቅደላ እስከ ዛሬ

አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ምድር ቤት ወርደው ድንቅነሽን ያዩ ብዙዎች ናቸው። በመስታወቱ ውስጥ ተዘርግታ የምትታየው ግን ቅጂዋ ናት። እውነተኛዎቹ አጥንቶች እዚያው ግቢ ውስጥ በካዝና ተቆልፈው ይቀመጣሉ። ቅጂዋ እንግዳ ትቀበላለች፣ ዋናዋ ትጠበቃለች።

የሀገራችን የቅርስና የቱሪዝም አስተዳደር ታሪክም የእነዚህ የሁለት ሥራዎች ታሪክ ነው፤ የጠባቂው እና የጠሪው። አንዱ «አትንኩ፣ አታውጡ» ይላል። ሌላው «ኑ፣ እዩ» ይላል። አንዳንዴ በየቤታቸው ኖረዋል፣ አንዳንዴ በአንድ ጣሪያ ሥር ገብተዋል። የቤቱ ስም በየሥርዓቱ ስለተቀያየረ አብዛኞቻችን የምናውቀው ቁርጥራጩን ነው፤ ሐውልቱን ለብቻ፣ ድንቅነሽን ለብቻ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ለብቻ።

ከ1860 እስከ 1898 ዓ.ም. — ቁልፉ በገበዙ እጅ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከመታሰቡ በፊት ቅርሱ ጠባቂ ነበረው። በቤተ ክርስቲያን ገበዙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል፤ ምን እንደገባና ምን እንደወጣ የሚጠየቀው እሱ ነው። በሐረር የቅዱሳኑን መቃብሮች ሙሪዶቹ ይጠብቃሉ። በኮንሶ የመንደሩን ካብና የመቃብር ሐውልቶቹን የጎሳ አባቶች ያስከብራሉ። የሚጠብቁት ጎብኚ ስለሚመጣ አልነበረም። ታቦቱ ስለሚነግሥበት፣ ቃል ኪዳን ስላለበት፣ አባት ስለተቀበረበት ነበር።

ይህ አጠባበቅ ያልቻለው ኃይል የመጣው በ1860 ዓ.ም. ነው። ሚያዝያ 6 ቀን መቅደላ አምባ ላይ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን ሲሰዉ የእንግሊዝ ጦር አምባውን ያዘ። ንጉሡ ለመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብለው ከየአቅጣጫው ያሰባሰቡት የብራና መጽሐፍ፣ መስቀል፣ ዘውድና ጽዋ በወታደሩ እጅ ገባ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ሠራተኛ የነበረው ሪቻርድ ሆልምስ አብሮ መጥቶ ነበር። ሰውየው የመጣው ሊዋጋ አልነበረም። ዕቃ መርጦ ሊገዛ ነው የመጣው። ዘረፋው በ15 ዝሆኖችና 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭኖ ደላንታ ሜዳ ወረደና ለሁለት ቀን በጨረታ ተሸጠ። ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ለንደን ገቡ።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1864 ዓ.ም.፣ አዲስ የነገሡት ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ። የጠየቁት ሁለት ነገር ነው፦ የክብረ ነገሥትን መጽሐፍና «ኩርዓተ ርእሱ» የተባለውን የክርስቶስ ሥዕል። ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ። ሥዕሉ ግን ራሱ ሆልምስ ዘንድ ነበረና አልተመለሰም። እኔ የመንግሥት ቅርስ ጠባቂነት የጀመረው በዚህ ደብዳቤ ነው እላለሁ። መሥሪያ ቤት የለም፣ ሕግ የለም፣ አዋጅ የለም፤ ግን አንድ ንጉሥ የጠፋውን በስሙ ጠርቶ «የእኛ ነው፣ መልሱ» ብሏል።

ጥናቱም ቢሆን በውጭ ሰው እጅ ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1906 በኤኖ ሊትማን የሚመራ የጀርመን ቡድን አክሱም ገብቶ ሐውልቶቹን ለካ፣ ጽሑፎቹን ገለበጠ፣ ፎቶግራፍ አነሳ። መንግሥት ፈቃድ ሰጪ እንጂ አጥኚ አልነበረም። ይህ ሁኔታ ለብዙ ዐሠርት ዓመታት እንዲሁ ቆየ።

ከ1929 እስከ 1953 ዓ.ም. — ሐውልቱ ሄደ፣ ወመዘክር ተከፈተ

ሁለተኛው ትልቅ ኪሳራ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ደረሰ። በ1929 ዓ.ም. 24 ሜትር የሚረዝመው የአክሱም ሐውልት ተቆራርጦ በምጽዋ በኩል በመርከብ ተጫነ። ሮም ላይ ከጣሊያን የቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ፊት ለፊት ተተከለ። ያ ሕንፃ ኋላ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ሐውልቱ ግን እዚያው ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ጣሊያን ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ ለመመለስ ግዴታ ገባች። ቃሉ የተፈጸመው ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ከድል በኋላ መንግሥቱ የራሱን ማስቀመጫ ማደራጀት ጀመረ። በ1936 ዓ.ም. «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ተከፈተ። መጽሐፍና መዘክር፣ ማለትም ለመታሰቢያ የሚጠበቅ ዕቃ፣ በአንድ ስም ተጠሩ። ሕዝቡ ግን መጽሐፉን ትቶ «ወመዘክር» ብሎ ጠራው፤ እስከ ዛሬም የሚጠራው እንደዚያው ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ከፈረንሣይ ጋር በተደረገ ስምምነት የአርኪኦሎጂ ክፍል ተቋቋመ። ዣን ዶሬስ፣ ዣን ሌክላን፣ ኋላም ፍራንሲስ አንፍሬ በአክሱምና በአካባቢው ቆፈሩ። እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ውጤቱን የሚያትም መጽሔት ወጣ። መጽሔቱ የሚታተመው ግን በፈረንሣይኛ ነበር።

ከ1954 እስከ 1966 ዓ.ም. — ሁለት ቤቶች ተወለዱ

በ1950ዎቹ አዲስ አበባ የአፍሪካ መሰብሰቢያ ሆነች። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1958 እዚህ ተቀመጠ፣ በ1963 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ጄት አውሮፕላን ገዛ። እንግዳው መጣ። እንግዳውን ተቀብሎ ከከተማው የሚያወጣው ግን አልነበረም። የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት የተቋቋመው ለዚህ ነው፤ መሪውም «የኢትዮጵያ ቱሪዝም አባት» የሚባሉት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ነበሩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። አቶ ሀብተ ሥላሴ እጃቸው ላይ የነበረው ሀብት ጥቂት ነበር። በውጭ ሀገር ስለ ኢትዮጵያ ሲነሳ ሰው የሚያስታውሰው ንጉሡን፣ አበበ ቢቂላንና ምናልባት ቡናውን ነው። ኬንያ በአንበሳና በዝሆን ትጠራለች፣ ግብፅ በፒራሚድ ትጠራለች። እሳቸው ያነሡት ግን ማንም ዘንድ የሌለውን ነገር፣ የዘመን አቆጣጠራችንን ነው። ጳጉሜን የተረፈችን አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ከእሷ ላይ ተነሥተው «የ13 ወር ፀጋ» አሉ፤ በእንግሊዝኛው የ13 ወር ፀሐይ። በጥቂት ቃል ሀገሪቱ የተለየች መሆኗን፣ የአየር ጠባይዋ ደግ መሆኑንና ጥንታዊነቷን አንድ ላይ ተናገሩ። መፈክሩ በየፖስተሩ ታትሞ ከኤምባሲ እስከ ሆቴል ግድግዳ ተለጠፈ። ከንጉሡም ከደርግም ዕድሜ አልፎ ግማሽ ምዕተ ዓመት ኖረ።

የጉዞው መስመርም በዚያ ጊዜ ተቀየሰ፦ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ላሊበላ፣ አክሱም። ላሊበላ የሚያርፈው ትንሹ አውሮፕላን የሚወርደው በሜዳ ላይ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ሜዳው ይጨቀያል፣ በረራው ይቆማል። እንግዳ ማደሪያ ሲጠፋ ልዕልት ሩት ደስታ «ሰባት ወይራ» ሆቴልን እዚያው አሠሩ። እ.ኤ.አ. በ1963 ሃያ ሺህ ያህል የነበረው የጎብኚ ቁጥር በዐሥር ዓመት ውስጥ ከሰባ ሺህ በለጠ።

ጠባቂውም በዚሁ ዘመን ሕግ አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 ጥንታዊ ቅርሶችን ለመጠበቅ የታወጀ ነው። አዋጁ «ጥንታዊ» የሚለውን ቃል ሲተረጉም ግን ድንበር አበጀለት፤ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ዓመት አስበው። ዐፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በ1847፣ የሞቱት በ1860 ነው። በ1859 ጋፋት ላይ የተሠራው፣ ሕዝብ እየጎተተ መቅደላ ያወጣው ሴባስቶፖል መድፍ በሕጉ ትርጉም ጥንታዊ አይደለም። የዓድዋ ጎራዴና ጋሻ አይደለም። የአዲስ አበባ የመጀመሪያ ቤቶች፣ የባቡር ጣቢያዎቹ፣ የምኒልክ ዘመን ደብዳቤዎች፣ ሁሉም ከድንበሩ ወዲህ ናቸው። በጊዜው 1850 ብሎ መወሰን ልክ መስሎ ይሆናል፤ አክሱምንና ላሊበላን ለመጠበቅ ይበቃል። ግን «ቅርስ ማለት በጣም የጥንቱ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ በኅሊናችን ውስጥ አስቀመጠ። ሕጉ ከተሻረ በኋላም ያ አስተሳሰብ አልወጣልንም፤ የከተማ ቤት ሲፈርስ እስከ ዛሬ የምንሰማው ክርክር ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

በተግባር የተሠራ ሥራም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ሳንድሮ አንጀሊኒ የተባለ ጣሊያናዊ አርክቴክት ላሊበላ ላይ ለዓመታት ጠገነ። ቀድሞ ለጥገና ተብሎ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተቀባውን ቅጥራን መሰል ቀለም አስለቀቀ። ጠባቂ ሆኖ የመጣ ሰው ያደረሰውን ጉዳት ሌላ ጠባቂ ሲያስተካክል ላሊበላ ያየችው ያኔ ነው፤ የመጨረሻዋም አልሆነም።

ኅዳር 1967 ዓ.ም. — ሁለት ቀናት

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ደርግ ስልሳ የሚሆኑ ሹማምንትን አዲስ አበባ ላይ ረሸነ። በማግስቱ፣ ኅዳር 15፣ አፋር ውስጥ ሀዳር በተባለ ቦታ ዶናልድ ዮሐንሰንና ቶም ግሬይ ሸለቆ ውስጥ ሲያልፉ ከመሬት የወጣ የክንድ አጥንት አዩ። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። በመጨረሻ ከአንድ ሰውነት አርባ በመቶ ያህሉ ተገኘ፤ ዕድሜው 3.2 ሚሊዮን ዓመት። ፈረንጆቹ ሉሲ አሏት፣ እኛ ድንቅነሽ አልናት።

የመሥሪያ ቤቱን ቀጣይ ዕጣ እነዚህ ሁለት ቀናት ወሰኑት። አንደኛው የጠሪውን በር ዘጋ። ጎብኚው ቀነሰ፣ ትልልቆቹ ሆቴሎች ተወረሱ፣ የውጭ ሰው ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልገው ጀመር። አስጎብኚነት የመንግሥት ድርጅት ብቻ ሥራ ሆነ፤ የግል አስጎብኚ ቀረ። ጦርነቱ ሲበረታ አክሱምና ላሊበላ ከመስመሩ ወጡ። የ1977ቱ ረሃብ ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነበር። ዓለም ኢትዮጵያን በ13 ወር ፀሐይዋ ማሰቡን ትቶ ኮረም ላይ በተነሣው ፊልም አሰባት።

ሌላኛው ቀን ግን ለጠባቂው አዲስ ኃላፊነት አመጣ። እስከዚያ ቅርስ ማለት ሐውልት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ብራና ነበር። አሁን ከመሬት ውስጥ የሚወጣ አጥንት፣ ያውም ዓለም ሁሉ የሚፈልገው አጥንት ተጨመረ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ማዕከል በባህል ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። ድንቅነሽ ለጥናት ወደ አሜሪካ ሄዳ እ.ኤ.አ. በ1980 ተመለሰች።

የደርግን ዘመን በጨለማ ብቻ ለሚያየው አንድ ቀን ላስታውሰው። ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገቡን ሲከፍት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች የተመዘገቡት እ.ኤ.አ. መስከረም 8 ቀን 1978 ነው። ከ12ቱ ሁለቱ የእኛ ነበሩ፤ ላሊበላና የሰሜን ተራሮች። በእኛ ቀን አቆጣጠር ጳጉሜን 3 ቀን 1970 ይውላል፤ አቶ ሀብተ ሥላሴ ሀገር ያስተዋወቁባት አሥራ ሦስተኛዋ ወር ውስጥ ነው። በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት የጎንደር ፋሲል ግቢ፣ አክሱም፣ የታችኛው አዋሽ፣ የታችኛው ኦሞና ጢያ ተከተሉ። ጎብኚ በሌለበት ዘመን፣ ጦርነት እየተካሄደ፣ ያን ፋይል አዘጋጅተው የላኩ ሠራተኞች ነበሩ። ስማቸውን የሚያነሳ ብዙ የለም፤ ዛሬ አስጎብኚው የሚኮራበትን መዝገብ የሞሉት ግን እነሱ ናቸው።

ከ1974 እስከ 1983 ዓ.ም. — የተዘጋው ቁፋሮ

እ.ኤ.አ. በ1982 መንግሥት የውጭ ተመራማሪዎች የቅሪተ አካል ፍለጋ እንዲቆም አደረገ። በሩ የተከፈተው ከስምንት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የውጭ መጻሕፍት ይህን እንደ ባከነ ዘመን ይጽፉታል። እኔ አልስማማም። እስከዚያ ድረስ ቡድኖች ይመጣሉ፣ ይቆፍራሉ፣ እርስ በርስ በቦታ ይጣላሉ፣ ግኝቱ በውጭ ይታወጃል። በሙያው የሠለጠነ ኢትዮጵያዊ የለም ማለት ይቻላል። አጥንቱን በሥርዓት የሚያስቀምጥ ቤተ ሙከራም ገና መደራጀቱ ነበር።

በሩ በተዘጋበት ጊዜ የቤቱ ልጆች ተማሩ። ዶክተር ብርሃነ አስፋው ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው ተመለሱ፤ በብሔራዊ ሙዚየም ግቢ ያለው ቤተ ሙከራ ተጠናከረ። ሚኒስቴሩ ራሱ በሀገር ልጆች መሪነት የቅሪተ አካል ቦታዎችን ቆጠራ ጀመረ። ኮንሶና ፈጀጅ ላይ የሚገኙት ጥንታዊ ቦታዎች የታወቁት በዚያ ቆጠራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 አዲስ የቅርስ አዋጅ ወጣ።

ዘሩ ፍሬ ያፈራው ሥርዓት ከተለወጠ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 አርዲ የተባለችው ቅሪተ አካል ስትገኝ የመጀመሪያውን ቁራጭ ያነሳው ዮሐንስ ኃይለ ሥላሴ ነበር፤ ዕድሜዋ 4.4 ሚሊዮን ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ዲኪቃ ላይ ሰላም የተባለችው ሕፃን አጥንት በዘረሰናይ ዓለምሰገድ በሚመራ ቡድን ተገኘ። በሩ ከመዘጋቱ በፊት በኢትዮጵያ መሬት የኢትዮጵያዊ ድርሻ በአብዛኛው ፈቃድ መስጠትና ጉድጓድ መቆፈር ነበር።

ከ1984 እስከ 1997 ዓ.ም. — መስቀሉ፣ አዋጁ፣ ሐውልቱ

በኢሕአዴግ ዘመን መንገዱ ተከፈተ፣ የግል አስጎብኚ ድርጅት ተፈቀደ፣ አክሱምና ላሊበላ እንደገና እንግዳ አዩ። ከእንግዳው ጋር ሌባውም መጣ። በ1989 ዓ.ም. የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀል ከቤተ መድኃኔዓለም ጠፋ።

ላሊበላ የሄደ ሰው መስቀሎቹ እንዴት እንደሚታዩ ያውቃል። ካህኑ ከመጋረጃው ጀርባ ይዘውት ይወጣሉ፣ በነጠላ ደግፈው ይቆማሉ። ከካሜራ ብልጭታ ዐይናቸውን ለመከላከል ጥቁር መነጽር የሚያደርጉም አሉ። አንዱ ምእመን ሊሳለመው ግንባሩን ዝቅ ሲያደርግ ከጎኑ ያለው ጎብኚ ያንኑ መስቀል ፎቶ ያነሳል። ለአንዱ ጸበል የሚነከርበት፣ በሽተኛ የሚዳሰስበት ነው፤ ለሌላው የአሥራ ሁለተኛው መቶ ዘመን ጥበብ ነው። አፍሮ አይገባ ሲጠፋ ከተማው ያለቀሰው እንደ ዕቃ አልነበረም፣ እንደ ሰው ነው። መስቀሉ ቤልጅየም ውስጥ ከአንድ ሰብሳቢ ዘንድ ተገኝቶ በ1993 ዓ.ም. ሲመለስ የተቀበለውም እንደ ሰው ነው።

መስቀሉ ገና በውጭ ሳለ፣ በ1992 ዓ.ም. ሰኔ ወር፣ አዋጅ ቁጥር 209 ወጣ። ማዕከሉ «የቅርስ ጥናትና ጥበቃ ባለሥልጣን» ሆነ። የድሮው ድንበር፣ 1850፣ በዚህ አዋጅ ውስጥ የለም። ቅርስ የሚዳሰስም የማይዳሰስም ሆነ፤ ሐውልቱም ዘፈኑም፣ የእጅ ሙያውም ሥርዓቱም ገባበት። ዛሬ መስቀል፣ ጨምበላላ፣ ገዳ፣ ጥምቀትና የሐረሪዎቹ ሹዋሊድ በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ የሚገኙት በዚህ ዓይነት አስተሳሰብ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሚያዝያ ሐውልቱ መጣ። ሦስት ቦታ የተከፈለው ድንጋይ በአንቶኖቭ አውሮፕላን ሦስት ጊዜ ተመላልሶ አክሱም ገባ። መትከያው ሲጠና ከመሬት በታች ከታሰበው የሰፋ የመቃብር ቦታ እንዳለ ታወቀ፤ ስለዚህ ሥራው በጥንቃቄ ሄዶ ሐውልቱ የቆመው በ2000 ዓ.ም. ነው። የተመለሰው ቅርስ ገና ያልተጠናውን እንድናይ አደረገን።

ከ1998 እስከ 2005 ዓ.ም. — በአንድ ጣሪያ ሥር

እስከ 1998 ዓ.ም. ባህሉ አንዴ ከማስታወቂያ ጋር፣ አንዴ ከወጣቶችና ስፖርት ጋር ሲቀመጥ ቱሪዝም በኮሚሽን ለብቻው ነበር። በዚያ ዓመት የባህልና ቱሪዝም ሚኒስቴር ተቋቋመና ጠባቂውም ጠሪውም አንድ ሚኒስትር ጋር ገቡ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። ጎብኚ የሚመጣው ቅርሱን ለማየት ነው፣ ቅርሱ የሚጠገነውም ጎብኚው በሚያመጣው ገንዘብ ነው። ችግሩ ሁለቱ ሲጋጩ ማን ይወስናል የሚለው ነበር።

ፈተናው ወዲያው ደረሰ። በ1999 ዓ.ም. ነሐሴ ድንቅነሽ ራሷ፣ ቅጂዋ ሳትሆን ዋናዋ፣ ከካዝናው ወጥታ ወደ ሂውስተን በረረች። ዓላማው ሀገር ማስተዋወቅና ገቢ ማግኘት ነበር። ስሚዝሶኒያን ሙዚየም አላስተናግድም አለ፤ እንደ ሪቻርድ ሊኪ ያሉ ሊቃውንት እንዲህ ያለ አንድና ብቸኛ አጥንት መንገድ አይወጣም ብለው ተቃወሙ። ሂውስተን፣ ሲያትልና ኒው ዮርክ ላይ ታየች። በነዚያ ከተሞች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ልጆቻቸውን ይዘው ሄደው አይተዋታል፤ ያ ትልቅ ነገር ነው። ግን ሲያትል ላይ የተመልካቹ ቁጥር ከታሰበው በጣም አንሶ አዘጋጁ ተቋም ከሰረ፤ ሌሎች ሙዚየሞችም ሐሳባቸውን ለወጡ። በ2005 ዓ.ም. ተመለሰች። ደኅና መመለሷ ዕድል ነው። በአንድ ጣሪያ ሥር በመጀመሪያው ክርክር ጠሪው አሸነፈ፤ መውጣት አልነበረባትም።

በእነዚሁ ዓመታት ላሊበላ ላይ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ አራት ትልልቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። ዝናቡን እንዲከላከሉ፣ እስከ ጥገናው ድረስ ለጥቂት ዓመታት እንዲቆዩ ነበር የታሰቡት። ጥገናው ዘገየ፣ መጠለያው ቆየ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ የከተማው ሕዝብ «ሊወድቅብን ነው» ብሎ ሰልፍ ወጣ። በዚያው ዓመት መጋቢት የፈረንሣዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን ላሊበላ መጥተው ሀገራቸው ለጥገናው እንደምትረዳ ተናገሩ።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ — እንደገና ሁለት

በ2006 ዓ.ም. ግድም ሁለት ነገር ሆነ። ቅርሶችን ሀገራዊና ክልላዊ ብሎ የሚመድብ አዋጅ ቁጥር 839 ወጣ። የማስተዋወቁን ሥራ ለብቻው የሚይዝ «የኢትዮጵያ ቱሪዝም ድርጅት»ም ተቋቋመ፤ ልክ በንጉሡ ዘመን እንደነበረው። አዲሱ ድርጅት በ2008 የድሮውን መፈክር አንሥቶ «ምድረ ቀደምት» የሚለውን ተካ። አዲሱ መፈክር የተቀዳው ከድንቅነሽ፣ ከቡናና ከዓባይ ነው፤ ሐሳቡም ከባድ ነው። «የ13 ወር ፀጋ» ግን ዛሬም በሰው አፍ ላይ አለ። አባቱ አቶ ሀብተ ሥላሴ በ2009 ዓ.ም. አረፉ።

በ2012 ዓ.ም. የካቲት አንድ ዘውድ ከኔዘርላንድ መጣ። የጨለቆት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን የአሥራ ስምንተኛው መቶ ዘመን ዘውድ ነው። ስደተኛ የነበረው ሲራክ አስፋው ሮተርዳም ቤቱ ያረፈ እንግዳ ሻንጣ ውስጥ አግኝቶ 21 ዓመት ደበቀው። ያን ያህል የቆየበትን ምክንያት ራሱ ተናግሯል፤ ቢመልሰው ተመልሶ ይጠፋል ብሎ ስለሰጋ ነው። ይህን ታሪክ ስናከብር መሥሪያ ቤቱን የሚወቅስ መሆኑንም መርሳት የለብንም። አንድ ዜጋ በስደት ሀገር፣ ያለ ደመወዝና ያለ ሹመት፣ ገበዝ ሆኖ ቁልፍ ይዞ ኖረ።

ከዚያ የኮቪድ ወረርሽኝ፣ ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ትግራይ ውስጥ ያለው አል ነጃሺ መስጊድ ተጎዳ። በ2013 ክረምት ላሊበላ በጦርነት ውስጥ ገባች፤ ከተማው ወራት ያለ መብራትና ያለ እንግዳ ቆየ። አስጎብኚው፣ በቅሎ አከራዩ፣ ሆቴል ሠራተኛው ሥራ ፈታ። ካህናቱ ግን ኪዳኑን አላቋረጡም።

በ2014 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ መንግሥት ሲዋቀር ባህልና ቱሪዝም እንደገና ተለያዩ። ባህል ከስፖርት ጋር ሄደ። ቱሪዝም የራሱ ሚኒስቴር ሆነ። ጠባቂው፣ ዛሬ «የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን» የሚባለው፣ ከባህሉ ጋር ሳይሆን ከጠሪው ጋር ቀረ። ገንዘቡም ጉልበቱም አሁን ጠሪው ዘንድ ነው፤ አንድነት ፓርክ፣ ወንጪ፣ ጎርጎራ፣ ሀላላ ኬላ ተሠርተዋል፣ ያማሩም ናቸው። በ2016 ዓ.ም. አንድ ዓመት ውስጥ የጌዴኦ መልክዓ ምድር፣ የባሌ ተራሮችና መልካ ቁንጡሬ ከነባልጪት በዓለም ቅርስነት ተመዝግበው ቁጥራችን 12 ደረሰ። በዚያው ዓመት የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ፒያሳን ሲቀይር የትኛው አሮጌ ቤት ቅርስ ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለው ክርክር ከቤቶቹ መፍረስ ጋር እኩል ሄደ። ክርክሩ መቅደም ነበረበት። ቅርስ ተብሎ የተመዘገበ ቤት ለአልሚም ለነዋሪም ግልጽ ነው፤ ያልተመዘገበው ሁሌም ተሸናፊ ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስም ነገም ሊቀየር ይችላል። የአዋጅ 209 አንቀጽ 41 ግን አንተንም ይመለከታል። ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲወጣ፣ ጉድጓድ ሲቆፈር ጥንታዊ ነገር ያገኘ ማንኛውም ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅና እስኪረከቡት እንዳለ መጠበቅ አለበት ይላል። አካፋህ ድንጋይ ያልሆነ ነገር ከነካ አቁም፣ ቦታውን ሸፍን፣ ወረዳህ ያለውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጥራ።